ጥፍር የምታህል ዓሣ

ካቴና ሲበጠስ እልል ይላል አገር፣
ነጻነት መጣ ነው የሁሉም ሰው ነገር።
እኔ ያወቅሁት ግን በናሪኞ ዳገት፣
አንድ ጉማም ንጋት፣ ከጋሌራስ አንገት፣
ሲበጠስ የሚያስር ካቴናም አለ።

ኤውላልያ ናት፤ ሁለት ቢዶን ወተት
ግራና ቀኝ ጭና በዚያች አሮጌ ሞተር፣
ዶሮ ጩኸቱን ሳይጨርስ
ሰማንያ ሊትር ሽቅብ የምታደርስ።
በጋራዤ ደጃፍ ስታልፍ እሰማለሁ፣
ካቴናዋ ሲያወራ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።
ዘይት የጠገበ ዝም ብሎ ነው ሚሄድ፣
የተራበ ብቻ ያጉረመርማል መንገድ ለመንገድ።

«ኤውላልያ፣ ላልቷል። ሁለት ጣት ነው ልኩ፣
ያንቺ አራት ይወርዳል፤ ዝገት ሆኗል መልኩ።
የፒኞኑም ጥርስ እንደ መጋዝ ሹሏል።»
«ሒሳብ ሲገባልኝ» ትላለች።
የወተት ሒሳብ በየአሥራ አምስት ቀን ነው፤
አሥራ አምስቱ ቀን ግን ሌላ አሥራ አምስት ቀን ነው የሚወልደው።

አንድ ምሽት መጣች፣ አይብ በጨርቅ ቋጥራ።
ከመደርደሪያዬ አንድ ካቴና አወረድሁ፣
ከወደቀ ሞተር የተፈታ፣ ብዙ ያልሠራ።
ፒኞኑን ልቀይር? ከየት አምጥቼ!
መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣
ተንበርክኬ ገጠምሁት።

ዶን ኤቬልዮ፣ ነፍሱን ይማር፣ አስተምሮኝ ነበር፦
«ሁለቱን ጫፍ የምትይዝ፣ ያቺ ጥፍር የምታህል
ማያያዣ፣ ዓሣ ናት በላት።
ጭንቅላቷ ድፍን ነው፣ ስንጥቅ ነው ጅራት።
ሁልጊዜ ወደ ጉዞው ትዋኝ። ከዞረች ግን፣ ልጄ፣
አንድ ጠጠር ይበቃል ጅራቷን ይዞ ሊያወልቃት።
ደግሞም ልብ በል፦
ካቴና ከላይ ወደ ፊት፣ ከታች ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤
ተንበርክኮ የሚገጥም ሰው ነው የሚስተው።»

በስድስተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
ጧ!
ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው አልሰማውም።
ሰማንያ ሊትሩ ቁልቁል ጎተታት፤
ፍሬኑን ረገጠች፣ ክብደቱ አሸነፋት።
እሷ በትከሻዋ፣ ወተቱ በአስፋልቱ፤
እኔ ደርሼ ሳነሣት
የዶኛ ሮስሚራ ውሾች ቦዩን እየላሱ ነበር።

ካቴናውን አገኘሁት፣ እንደ ወለቀ ቀበቶ
መሐል መንገድ ተዘርግቶ።
ዓሣዋ የለችም።
ከአሮጌ ራዲዮ የፈታሁትን ማግኔት በሲባጎ አስሬ
ሦስት ቀን ቦዩን ጎተትሁ፣ ሣሩን አበጠርሁ፦
ምስማር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ አንድ የሕፃን ማንኪያ።
ዓሣ የለም።

የሾለው ጥርስ ይሆን ካቴናውን የበላው?
ወይስ ያ የኔ እጅ፣ በዚያ ጨለማ፣
ጭንቅላትና ጅራት የለዋወጠው?
የምታውቀው እሷ ነበረች። ዋኝታ ሄደች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ ኤውላልያ፣ ክንዷ በሻሽ ታስሮ፤
«ስንቴ ነግረኸኝ፣ ስንቴ ነገ ብዬህ።»
ዝም አልሁ።
ያኔ ነው የታሰርሁ።

አሁን እሑድ እሑድ ትመጣለች።
በነዳጅ አጥባለሁ፣ በብሩሽ እፈትጋለሁ፣
ዘይቱን በውስጥ በኩል፣ ጠብታ በጠብታ፣
ጎማውን በእጄ እያዞርሁ በእርጋታ፤
ሁለት ጣት ለክቼ ቡሎኑን አጠብቃለሁ።
ፒኞኑ አዲስ ነው፤ ዋጋውን አልነገርኋትም።
«ደግ ሰው ነህ» ትለኛለች። አይቧን ታስቀምጣለች።

ከመሄዷ በፊት መሬት ላይ እተኛለሁ፣
ጉንጬ ከግራሶው፣ ዓይኔ ከታችኛው መስመር፤
ጭንቅላቷ ወዴት ነው? ወደ ኋላ፤ ልክ ነው፤ ከታች ነውና።
ጎማውን ገፋ አደርጋለሁ፣
ወደ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ፊት ትዋኛለች።
ልክ ነው።

አንዴ ቆይ፣ ኤውላልያ። አንዴ ደግሜ ልይ።