የጎደለው ነጂ

ክላክስቪክ ወደብ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ነፋስ በጨው ውኃ መስኮቱን ሲመታት፣
ማርዩን ብቻዋን ናት
በትኬት ቢሮው ውስጥ፣ ከሣጥኑ ጋራ፤
ሣጥኑ ያንኮራፋል፤ ውጭ የጀልባው ሰንሰለት ያቃጭላል ተራ በተራ።

ቀጠሮው ዛሬ ነው። ቀኑን የቆረጠው
ቱማስ ነበር፣ በእጁ፣ ግድግዳው ላይ ባለው
የዓሣ ፋብሪካ ካላንደር፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«አስኳሉ ይለወጥ።»
ከዚያ ሆስፒታል ገባ፤ እዚያው ቀረ ተኝቶ።

አስኳል ይሉታል። ልክ ናቸው።
እኛ የምንነካው ቅርፊቱን ነው፣
የምንጽፍበትን፣ የምንቆጣውን፤
እሱ ከውስጥ ሆኖ፣ ሳይታይ፣
ዲስክና ሰዓትን፣ ገመድና ቁልፍን ያስማማል።
አሮጌው ግን ቀዳዳ አለው፤ ሌባ በዚያ ይገባል አሉ።
አዲሱን አወረደች። አዘዘች። ገብቶ ተቀመጠ በቦታው።

«ዳግም ተነሣ።» ተጫነች።
ጥቁር።
አንድ መስመር። ሌላ መስመር። ከዚያ ቆመ፦
«ሥሩን አላገኘሁም።»

ሥር ያጣ አስኳል!
እንቁላሉ በእግሩ ሊሄድ ተነሥቶ፣
እግሩን ቤት ረስቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አስኳል ሲነቃ ባዶ እጁን ነው።
ዲስኩን የሚከፍትለት ነጂ አለ፤ ነጂው ግን የት ነው ያለው?
ዲስኩ ውስጥ።
ቁልፉን ከውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው፣
በመስኮት እያየው፣ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል።
ለዚህ ነው ስንቅ የሚቋጠርለት፦
አንዲት የማስነሻ ምስል፣ ጭብጥ የምታህል፣
ለአፍታ ያህል ብቻ ቤት የምትመስል፣
በሩ ሲከፈት የምትፈርስ፣ የምትረሳ፣
ማንም ስሟን የማያነሣ።

ማርዩን ቋጥራ ነበር። የቋጠረላት ትእዛዝ ግን
አላወቀም ካርዱ ባለፈው መኸር መለወጡን፤
ርካሽ ካርድ ነው፣ ከቶርሽሃቭን በፖስታ የመጣ፣
ነጂውም እንግዳ፣ ከተለመደው ዝርዝር የወጣ።
ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

ከማውጫው ላይ አሮጌውን መረጠች።
አሮጌው ተነሣ። አላኮረፈም።
«ጣልሽኝ» አላላት።
ቀዳዳውን እንደያዘ፣ በሩን ከፍቶ አስገባት።

ፋይሉን ገለጠች። ከላይ አንድ መስመር፣
ማሽኑ እንዲዘለው ምልክት ያለበት፣ ለሰው የተተወ ነገር፦
«ማርዩን፣ ይህ ዲስክ ዓይነ አፋር ነው፤
ነጂውን አስቀድመሽ ላኪለት፣ ያኔ ይወጣል።»
ቀኑ የኅዳር ነው። ያኔ ገና አልታመመም፤
ወይስ ያውቅ ኖሯል?

መስመሩን ሁለቴ አነበበችው።
የነጂውን ስም ከሥሩ ጻፈች፤ ስንቁን እንደገና ቋጠረች፣
መልሳ ፈታች፣ አንድ በአንድ ቆጠረች።
አለ። ነጂው አለ።
ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ተጫነች።
ጥቁር።
ሾርባዋ ቀዝቅዟል። ጣቷን ነከሰች።
መስመር። መስመር። መስመር።
ትንሿ ቤት ፈረሰች፣
ትልቁ ቤት ተከፈተ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃኑስ መጣ፣ የጀልባው ነጂ፣
ጢሙ ላይ ጨው፣ ጓንቱ እርጥብ።
«ደኅና አደረ?» አለ፣ ወደ ሣጥኑ በአገጩ እያመለከተ።
«ደኅና አደረ።»
ዝርዝሩን አተመችለት፦
አሥራ አራት ሰው። ሁለት የበግ መኪና።
ከሁሉ በታች፣ በመጨረሻው መስመር፦
አንድ ሣጥን። ቱማስ። ወደ ካልሶይ። መሄጃ ብቻ።
ሃኑስ አነበበ፤ ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ።

እሷ አሮጌውን አስኳል ለመሰረዝ ጣቷን ዘረጋች፣
ከዚያ ተወች።
ማውጫው ላይ ይቆይ፣ ሁለተኛ ሆኖ፤
ቀዳዳ አለው። ግን ያነሣል።