ዜሮም ይጻፋል

መሐል ሜዳ፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣
በሽቦ ተከልሎ፣ ከእንጨት ላይ ታስሮ፣
አንድ ጣሳ አለ ሰማይ የሚጠብቅ።
ጣሳው ሰማዩን፣ እኔ ጣሳውን፣
ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቅን ቀኑን።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ጋቢዬን ደርቤ፣
ብልቃጡን ከዓይኔ ትክክል አቅርቤ፣
የሌሊቱን ዝናብ በሚሊሜትር አነብባለሁ፤
አራት ነጥብ ሁለት። ዘጠኝ። እጽፋለሁ።
ያልዘነበ እንደሆን ዜሮ ነው የምጽፈው፤
ባዶ አልተወውም፣ ባዶ ሌላ ነው።
ባዶ ማለት እኮ፣ አንባቢው ተኝቷል፤
ዜሮ ማለት ግና፣ ሄዶ፣ አይቶ፣ አጥቷል።

ቅጂውን በየወሩ አዲስ አበባ እልካለሁ፤
መልሱን ግን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።

በልጉ በቀረበት፣ በዚያ በክፉ ዓመት፣
ገብስ የዘራ ሁሉ አፈር ባየበት፣
የመድን ድርጅቱ መልእክት ላከ በስልክ፦
«ሳተላይቱ አይቷል፤ ዘንቧል በልክ።»
መዝነቡስ ዘንቧል፣ ጓሳ ላይ፣ ለጭላዳ፤
እኛ ጋ ደመናው አለፈ እንደ እንግዳ፣
ቤት እንደ ተሳሳተ።
ወይዘሮ አጥናፍወርቅ ቤቴ ድረስ መጥታ፣
የአረቦን ደረሰኟን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
«ሳተላይት የሚሉት መኖሪያው የት ነው?
የኔን ማሳ ሳይረግጥ ዘንቧል የሚለው?»

ደብተሬን ገለጥሁ።
መጋቢት፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ዜሮ፤
ይኸው በእስክሪብቶ የሰማዩ ኑሮ።
ገልብጠን ላክነው። ገንዘቡም መጣ፣
ዘግይቶ፣ በሐምሌ፣ ሰው በጦም ከነጣ።

ያኔ ነው እንግዲህ ደብተሬ ስም ያወጣው።
ከደብረ ብርሃን አንድ ወጣት መጣ በመኪና፣
«የብድርን ደጃፍ ልንከፍት ነው» አለና
ደብተሩን በስልኩ አነሣው፣ ገጽ በገጽ።
ሻዩን ጠጣ። አመሰገነ።
አልጠየቅሁትም፦ ለምን? ለማን? እስከ መቼ?

በዓመቱ ደምሰው ለበሬ መግዣ ብድር ፍለጋ ሄደ፤
«ቀያችሁን ውርጭ ያጠቃዋል» ተብሎ ባዶ እጁን ወረደ።
«ማን ነገራቸው?» አለኝ። ዝም አልሁ።
የጥቅምቱን ውርጭ፣ ቀን በቀን፣ በገዛ እጄ፣
ለርዳታ ብዬ የጻፍሁት ክስ ሆነ በወዳጄ።
ቁጥሩ አንድ ነው። አንዷን አጎረሰ፣
አንዱን ከደጅ መለሰ።

እሑድ በእድሩ ቤት፣ ቆርቆሮው እየጮኸ፣ ተሰበሰብን።
ወይዘሮ እንግዳሸት፣ የሣጥኑ ያዧ፣
አንዱን ቁልፍ አሳየችን፣ ታስሮ ከእጇ፤
ሁለቱ በሁለት ሰው ዘንድ ነው፣ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈት።
«ለእድር ሳንቲም እንኳ እንዲህ ከሆነ፣
ደብተሩ ስለ ምን ያለ ቁልፍ ሆነ?»

«ይቃጠል» አለ ደምሰው። ማንም አልሳቀ።
«ይሸጥ» አለ ሌላው። ዋጋው አልታወቀ።
ሲመሽ ይህ ተጻፈ፣ ሊታረም እንዲችል በእርሳስ፦

ዝናቡ የጋራ ነው፤ ለጠየቀ ይሰጥ።
የሰው ስም ከዝናቡ ጋር ባንድ ገጽ አይቀመጥ።
ወሳጁ ከቁልፍ ያዦች ፊት ምክንያቱን ይናገር፤
ያወቀበትን ይዞ ይመለስ ወደ መንደር።
የውርጩን ቀን ያየ፣ ብድር ከሚከለክል፣
የመክፈያውን ወር ከውርጩ ወዲያ ይትከል።

ደምሰው አልፈረመም። እስካሁን አልፈረመ።
መኪናው ግን ዛሬ ከትምህርት ቤቱ በር ቆመ፤
ያው ወጣት ነው። ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበ።
ወደ ኋላ ገለጠ፣ እንደገና አነበበ፣
እስክሪብቶውን አወጣ፣ አሰበ።

ሦስት ሰዓት ሲሞላ ትቼው ወደ ጣሳው ወጣሁ።
ሌሊት የነጎድጓድ ድምፅ ሰምቼ ነበር፣
ተስፋ አድርጌ ነበር።
ብልቃጡን ከዓይኔ ትክክል አነሣሁ፤
ደረቅ ነው።
ዜሮ ብዬ ጻፍሁ።