ደም መላሽ

ማናማ ሳትነቃ፣ የንጋቱ አዛን ገና እንዳበቃ፣
ከፓምፔ አጠገብ ቆሜ፣ ቱቦዎቹን በጨው ውኃ ሞልቼ፣
ፕላስቲኩን በመቀስ እጀታ ደጋግሜ መትቼ፣
የተደበቀች አረፋ አሳድዳለሁ።
ጤፍ የምታህል አየር
አንጎል ከገባች በደም ሥር፣
ሰው ይዛ እንደምትሄድ አውቃለሁ።

ሐጂ ጁምዓ ትናንት፣ ትራሱን ተደግፎ፣
"ዶክተሩ ልቤን ሊያቆመው ነው፤ አንቺስ?" አለኝ፣ ሳሉን አሳልፎ።
ዐረብኛዬ አጠረ፤ ቃል ብፈልግ ጠፋ፤
"ልብህ እስኪመለስ እኔ አለሁ" አልኩት፣ እንዳይከፋ።
ጥቂት አሰበና፣
"አባቴ የሙሐረቅ ጠላቂ ነበር" አለ፣ "ሉል ለቃሚ፤
አፍንጫውን በቀንድ ቆልፎ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ፣
ይወርድ ነበር፣ ትንፋሹን ቋጥሮ።
አጎቴ ደግሞ ከላይ፣ ከጀልባው ጫፍ ገመድ ያዥ፤
'ሰይብ' ነው የሚባለው።
ሉሉን አያይም፣ የሚዘፍኑትን አይሰማም፤
ገመዱ ሁለት ጊዜ ሳብ ካለ ያወጣዋል፤ አያመነታም።
አንቺ ሰይብ ነሽ።"
ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም።

ዛሬ ጠለቀ።
"ጀምሪ" አለ ዶክተር ኩሪያን። ጥቁሩ ደም ወረደ፣
በእጄ ሥር አለፈ፣ ቀልቶ ተመልሶ ሄደ።
ቀዝቃዛው መድኃኒት ልቡን ሲያስተኛው፣
መስመሩ ተዘረጋ፣ እንደ ነሐሴ ባሕር፣ ነፋስ እንዳልነካው።

ሰማንያ ሰባት ደቂቃ።
ነፍሱ የት እንዳለች አልጠይቅም፤ ለቄስና ለሼክ ልተወው፤
እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ የጋኑ ደም ከመስመሩ ዝቅ ሲል ነው።
ፍሰት። ግፊት። ሙቀት። በየሃያ ደቂቃው ናሙና።
ሽንቴን ልያዝ፣ ጥሜን ልርሳ፤ ዓይኔን አላነሳም ገና።

በዚህ መሀል ነው እናቴ ትዝ የምትለኝ።
"ሥራሽን ጎረቤት ይጠይቀኛል፤ ምን ልበል?" አለችኝ
ባለፈው በስልክ። እኔም ሳላስበው፣
"ደም ትመልሳለች በያቸው።"
ዝም አለች። ረጅም ዝምታ።
በእኛ ቀዬ ደም መላሽ ጠመንጃ ወልውሎ ይወጣል ማታ፤
አጎቴ ይሁኔ የአባቴን ደም ሊመልስ ወጥቶ፣
ወንዝ ማዶ ቀረ፣ እሱም ሌላ ደም ትቶ።
"የአባትሽን?" አለች፣ በሹክሹክታ።
"አይ እማ። የማላውቀውን ሰው ደም።
ወስጄ፣ አየር ሰጥቼ፣ አሙቄ፣ እመልሳለሁ።"
"ለማን?"
"ለራሱ።"
"ለራሱ?" አለች። ደግማም፣ "ለራሱ?"
ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት፤
ወይ ስትስቅ። መስመሩ ጥሩ አልነበረም።

ክላምፑ ተፈታ።
ልቡ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልመታም።
ኩሪያን ጠበቀ። ሁላችን ጠበቅን። የሚናገር ታጣ።
አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ ነካው፤
ከዚያ፣ እንዳረፈደ ተማሪ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ።
አንድ ምት። ደግሞ አንድ።
ፍሰቱን ቀነስኩ፤ አራት ሊትር፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣
ገመድ እንደሚስብ ሰው፣ ክንድ በክንድ።
ቱቦ ውስጥ የቀረችውንም፣ ጠብታ ሳላስቀር
መለስኩለት። የሰው ደም በእኔ ዘንድ አያድር።

ኮሪደሩ ላይ ልጆቹ የዶክተሩን ግንባር ሲስሙ፣
ቱቦዬን በቢጫ ከረጢት አስሬ
በጎናቸው አለፍኩ። መንገድ ለቀቁልኝ፣ ሳያቋርጡ።

ማታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ጎራ አልኩ።
አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፤ መናገር አይችልም፤
ዓይኑም ገና አልጠራም።
ብቻ እጁ አንሶላው ላይ ሲዳብስ፣ ሲዳብስ ቆየና፣
የጋውኔን እጅጌ አገኘና፣
ሳብ አደረገው።
ሁለት ጊዜ።