ሠላሳ አምስት በመቶ

ክብርት ዳኛ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ልናገር፣ ይፈቀድልኝ፤
ስሜ አዛናው። ዕድሜ ሠላሳ ስምንት፤ ወገቤ ግን ታላቄ ሆነብኝ።
አድራሻ? ማራኪ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤
(ጀርባ ስል እንኳ ያመኛል፣ ይቅርታ።)

ሥራ? ነበረኝ።
አዘዞ መንገድ ዳር፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሲነሣ ከመሬት፣
በቀን ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ሲሚንቶ አመላላሽ፣ ያለ ውል ያለ ወረቀት።
የባሕር ዛፉን ርብራብ አርጥቦታል ያምና ግንቦት ካፊያ፣
ምስማሩ አንድ ነበር፣ ሁለት በሚያሻው ሥፍራ።
ባዬ ገመድ ይዟል። እኔ ባልዲ ይዣለሁ።
እንጨቱ «ቀጭ» አለ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዎች ሲያወሩት ነው የሰማሁ።

ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። እግሬን ብጠራው አልሰማም፤
እንደ ኮበለለ ልጅ፣ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ
እያፈረ መጣ፤ ግን እስከ ዛሬ ሙሉውን አልመጣም።

ክሱን ጋሽ መኳንንት ጻፉልኝ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
የተቀደደ ጥላ ዘርግተው፣ ገጹን በሃምሳ ብር።
«ወገቤ ተሰበረ» ብላቸው «እንዲህ አይባልም» አሉኝ፤
«በአከርካሪ አጥንት ላይ የደረሰ ቋሚ ጉዳት» ብለው አረዘሙልኝ።
ከረዘመ ወዲህ የሌላ ሰው ሕመም ይመስላል፤
አንዳንዴ ሌሊት፣ አጥንቴ ሲጮኽ፣ ለዚያ ሰውዬ ሆዴ ይባባል።

የሐኪሞች ቦርድ አየኝ። አጎንብስ አሉኝ፣ አጎነበስኩ፤
ቀና በል አሉኝ፤
እሱ እንኳ ቆየ። ላብ በላብ ሆኜ፣ ጠረጴዛቸውን ይዤ ተነሣሁ።
ማኅተሙ ወረቀቱን መትቶ
ቁጥር ወጣልኝ፦ ሠላሳ አምስት በመቶ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ስሌት አላውቅም፤
ግን ያን ቁጥር እንደ ቅርጫ ሥጋ ስመድበው እያደርኩ እንቅልፍ የለኝም።
ልጄን ይታይሽን ትከሻዬ ላይ ማውጣቱ በየትኛው መደብ ነው?
ጫማ ማሰሩስ? ሳል ሲመጣ ግድግዳ መፈለጉስ?
ከሚስቴ ጎን መገላበጡስ... (ችሎት መሆኑን ረስቼ ነው።)
ስልሳ አምስቱ ተርፎልሃል ይሉኛል፤
የት እንዳስቀመጡት ይንገሩኝና ልሂድ፣ ልልበሰው።

ምስክር ተጠራ። ባዬ ገባ፣ እጥፋቱ ያልለቀቀ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፤
«ይህን ሰው ሥራ ቦታ አይቼው አላውቅም» አለ፣ ዓይኑን ጣሪያ ሰቅሎ።
አልፈረድኩበትም። ዛሬም እዚያው ይሠራል፤
ገመድ የያዘ እጅ፣ የወደቀ ሊያነሣ፣ ገመዱን እንዴት ይለቃል?

የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሜ የለም፤ እንግዲህ አልወደቅሁም።
«ያልተቀጠረ ሰው ከፎቅ አይወድቅም» አሉ ጠበቃቸው፤
አነጋገራቸው ሲያምር፣ እኔም ላምናቸው ምንም አልቀረኝም።

ግን ክብርት ዳኛ፣ አንድ ማስረጃ አለኝ፣ ያልተጠራ፣ ያልማለ፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ አርማታው እርጥብ ሳለ፣
ስሜን በምስማር ጫፍ ጻፍኩ፣ ቀኑንም ጨምሬ፤
«ሀብታም ሲረግጠኝ ይኖራል» ብዬ፣ ባዬን በሳቅ ገድዬ።

አሁን ባንክ ገብቶበታል። ስሜ ላይ ሴራሚክ ተነጥፏል፣
ነጭ፣ ፊት የሚያሳይ፤
ብር የሚያስገባው ሁሉ አዛናው ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል።
ሁለት ሴራሚክ ብቻ ይነሣልኝ። ሁለት።
ቢሰበር እኔ እከፍላለሁ።
(በምን እንደምከፍል ለጊዜው አልጠየቅ።)

ዳኛዋ የራጅ ፊልሜን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት፤
በጎድኔ መሃል ባጃጅ አለፈ፣ ጽድ ተወዛወዘ፣
ከመንገዱ ማዶ የሌላ ሕንፃ ርብራብ ታየ፤
በተሰነጠቀችው አጥንት በኩል
አንድ ሰው ባልዲ ይዞ ሲወጣ አየሁት።

ዳኛዋ ይዩት አይዩት አላውቅም። መነጽራቸውን ጠረጉ።
ክረምት ነው፣ ችሎት ይዘጋል፤ «ለጥቅምት አሥራ ሁለት» አሉ።

ደረጃው አሥራ አራት ነው፣ ቁልቁል። እናኑ ክንዴን ያዘች።
ስምንተኛው ላይ ዐረፍን።
«ለልጅቷ ምን ልበላት?» አለች።
«ስሙ አለ በያት፤ ከሥር ነው።»
ፊልሙ በፖስታው ውስጥ ይንቋቋል።
ስድስት ደረጃ ቀርቶናል።