ጭቃ ሹም

ቦቬክ፣ ከወይዘሮ ሚልካ የድርቆሽ ጎተራ፣
ሁለት ላፕቶፕ ይዤ፣ ከሚያፈስ ጣራ ጋራ፣
ነሐሴን ከረምሁኝ ሳልገባ ከዋሻ፤
ጨለማው የእነሱ ነው፣ ያ የወራጅ ድርሻ፤
የኔ ቁጥሩ ነው፣ ጭቃው ነው፣ ከጠዋት እስከ ማምሻ።

ኔዣ ከጉድጓድ ወጥታ «ሥራህ ምን ይባላል?»
«ጭቃ ሹም» እላታለሁ፤ ቀልዱ ለኔ ብቻ ይቀራል።
ደብተሯን አቀብላኝ ካልሲዋን ትጨምቃለች፤
«ሰባት ይሁን አንድ?» ስላት፣ ትከሻዋን ትነቀንቃለች።

ርዝመት፣ አቅጣጫ፣ ተዳፋት፤
ስምንት ሜትር ከሃያ፣ ሦስት መቶ አራት፣ ቁልቁል አሥራ አራት።
ይኸው ነው፤ ሰው በሆዱ ተስቦ፣ ክርኑ ደምቶ ያለፈበት
እኔ ስክሪን ላይ ሲደርስ አንድ ቀጭን ሰረዝ የሚሆንበት።

ቃላድ ከወደቀበት ግብር ይከተላል፤
የእነዚህ ቃላድ ግን ባዶ ይለካል፤
ባዶው ይመዘገባል፣ ለባዶው ስም ይወጣል፦
«የተረሳው ማንኪያ»፣ «የሚልካ ጓዳ»፣
«ሁለተኛ አልመለስም»፣ «የጌርጌይ ዕዳ»።

መዝገቡ ሕጉ አንድ ነው፦ ምንም አይጠፋም፤
ያረምከው ይታረማል፣ የቀድሞው አይሞትም።
ማን ጻፈው፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፤
ከሥሩም አንዲት መስመር፣ የጻፈው ሰው ምክንያት።
ጌርጌይ ከግንዱ ተለይቶ ቅርንጫፍ አበጅቷል፤
«እስኪጣራ ነው» ይላል፤ ሦስት ዓመት ሞልቶታል።
ሁለት ሰው አንድ ገጽ በአንድ ሌሊት ሲነካ
መዝገቡ እንደ በቅሎ አሻፈረኝ ይላል፤ ለካ
ለቁጥርም ሽማግሌ ያስፈልገዋል። እቀመጣለሁ፤
ከዚህ አንዱን ትቼ፣ ከዚያ አንዱን ወስጄ፣ አስታርቃለሁ።

ማክሰኞ ሌሊት ነው። ዝናብ። ሁሉም ተኝቷል።
የድሮውን ቅየሳ ሳገላብጥ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው፦
የሰሜኑ ዋሻ ሄዶ ሄዶ
የተራራውን ሆድ ቀዶ ወጥቶ
ከሸለቆው በላይ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

ዋሻ አየር ላይ አይሄድም።
ኮምፓስ የያዘው ሰው ወደ ኋላ ዞሮ አንብቦ
ወደ ፊት ብሎ ጽፏል። መቶ ሰማንያ ዲግሪ ነው ነገሩ፤
የደከመው ሰው ሁሉ ያደርገዋል።

ማን ጻፈው? ብዬ መዝገቡን ጠየቅሁት።
ቲኔ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።
ከሥሩ ያቺ መስመር፦
«ደክሞኛል። አንዱ ቁጥር ልክ አልመሰለኝም። ነገ አየዋለሁ።»

ቲኔን አላውቀውም። ፎቶው ከበሩ በላይ አለ፤
ጭልፋ ይዞ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ እየሳቀ።
ዋሻ አይደለም የበላው።
በማግስቱ፣ ከቶልሚን ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ፣
ደረቅ አስፋልት፣ ጠራራ ፀሐይ።
ኔዣ እኅቱ ናት።

እጄ ከቁልፉ ላይ ቆየ።
የሞተ ሰው ቃል ይከበራል እንጂ ይታረማል እንዴ?
ጣራው ድስቱ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ሃያ ስድስትን ሁለት መቶ ስድስት አደረግሁት።

ተራራው ዋሻውን መልሶ ዋጠው፤
መንገዱ ዞሮ፣ ወደ ደቡብ ወርዶ፣
ከኔዣ አዲስ ጉድጓድ ሊደርስ
አሥራ ሁለት ሜትር ሲቀረው ቆመ።

«ምክንያት?» ይላል መዝገቡ፤ ያለ ምክንያት አይቀበልም።
ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ፦
«ነገ ሆኗል፣ ቲኔ።»

ጠዋት አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አነበበች።
«የእሱስ ቁጥር? የት ሄደ?» አለችኝ።
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለስኩላት፤
ሃያ ስድስት፣ እንደ ጻፈው፣ ከነድካሙ።
አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ
«ሁለት እርሳስ ስጠኝ» አለች፤ «የተቀረጹ።»

አሁን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው።
ድስቱን ሁለት ጊዜ ደፋሁት።
አዲስ መስመር ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤
ርዝመት፣ ባዶ። አቅጣጫ፣ ባዶ።
ከደጅ የጫማ ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ተነሣሁ፤
የሚልካ ፍየል ናት።