አራተኛው ገመድ

በዊክንሃም መንደር ዝናብ አያባራም፤
የባልጩቱ ግድግዳ ግን ውሃ አይፈራም፤
ስምንት መቶ ክረምት ሽበት አበቀለ፣
ከግቢው ጥድ ጋራ «ታላቅህ እኔ ነኝ» እየተባባለ።

እሁድ ጧት ወይዘሮ ኢኒድ፣ በጎማ ጫማዋ፣
በሩን ትከፍታለች፤ ክንድ ያህላል ቁልፏ።
ቄሷም ትደርሳለች፤ አዎን፣ ሴት ናት ቄሷ፤
አምስት አጥቢያ ያዞራል አሮጌ ፈረሷ፣
ማለቴ መኪናዋ፣ በሯ በሲባጎ የታሰረው።

ከደወሉ ቤት ውስጥ፣ ከጠባቡ ደረጃ ማብቂያ፣
ሲድሪክ ጋሮድ አለ፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣
ፖስተኛው አለ፣
ደግሞም ሁለት ወንድማማች፣ በአጥር ተጣልተው
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣቸው
ጎን ለጎን የሚስቡ።
ከቄሷ ጋር አምስት።

ደወሉ ግን ስድስት።
አራተኛው ገመድ ጫፉ ተጠቅልሎ
መቶ ዓመት አለፈው ሚስማሩ ላይ ውሎ።
ጌታው አምብሮዝ ፓስክ፣ የፈረስ ጫማ ሠሪ፣
በነሐሴ ዘምቶ ወደ ፈረንሳይ ጭቃ፣
«እስክመለስ» አለ፣ «ማንም እንዳይነካው»።
ማንም አልነካው።
አሁን ስሙ አለ ከነሐስ ሰሌዳ፤
የኢኒድ ጨርቅ በየሳምንቱ ሲወለውለው
ፊደሉን ጨረሰው።

ገመዱን ብል በላው፤ አዲስ ተገዛለት፤
አዲሱም ያው ሆነ፤ ያንኑ ሚስማር ወረሰ እንደ ርስት።
(ሲድሪክ ግን በየፋሲካው፣ ለማንም ሳይነግር፣
ወጥቶ ቅባት ይቀባዋል።)

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ... አምስት፣ ስድስት።
ሙሽራ ሲወጣ፣ ሬሳ ሲገባበት፣
መንደሩ በዚያች ዝምታ ውስጥ ኖረ።
ሕፃን እንኳ ቁጥር መቁጠር ሲጀምር
ከሦስት ቀጥሎ ትንፋሹን ይይዛል።

ዘንድሮ በጥቅምት ቲልዳ መጣች፤
አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከከተማ
ርካሽ ኪራይ ፍለጋ የተሰደደች።
ማንም አልነገራት።
መዳፏ ላይ እትፍ ብላ
ሳበችው።

ጎርነን አለ መጀመሪያ፣ እንደ እንቅልፋም፤
ከዚያ ተናገረ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ከግንቡ ጫፍ ላይ ቁራው ተነሣ፤
ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ ወጣ፤
ኢኒድ ጨርቋን ይዛ ቀና አለች፤
ሁሉም የሆነ ነገር የጠፋባቸው መስሏቸው
ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ትንሽ ቀደመች» አለ ታላቅየው፣ ወደ ግድግዳው።
ረጅም ዝምታ።
«አልቀደመችም» አለ ታናሹ።