አይስማማም

ከሌሊቱ ስምንት፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጣል፤
አዌቱ ሞልቶ ያጓራል፤
ከዴዶ የመጣው አምቡላንስ በር ላይ ጭቃውን ያራግፋል።
እኔ ደም ባንክ ውስጥ ነኝ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ ጋር ተረኛ፤
እሱ እያንኮራፋ ያድራል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልተኛ።

ነርሷ እየሮጠች ወረደች፣ ብልቃጥ በእጇ ይዛ፤
«ወልዳለች፤ ደሙ ግን እንቢ አለ፤ ቶሎ በል» አለችኝ ፋይዛ።
ብልቃጡ ገና ይሞቃል። የችኮላ ጽሑፉን አነበብኩ፦
መኪያ አባዲኮ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ነጩን ሰድር አቀረብኩ።
ሰማያዊ ጠብታ፣ ቢጫ ጠብታ፣ ውሃ የመሰለ ጠብታ፤
በየአጠገቡ ደሟን ጠብ አድርጌ፣
በስንጥር አማስዬ፣ አወዛወዝኩት በዝግታ።

ደም ሲጣላ ያስታውቃል፤ እንደ ቀይ አሸዋ ይቋጠራል፤
የመኪያ ግን አልቋጠረ፣ አልኮረፈ፣ በሦስቱም ልስልስ እንዳለ።
ኦ ኔጌቲቭ።
ፍሪጁን ከፈትኩ፤ ኤ አለ፣ ቢ አለ፣ ኦ ፖዘቲቭም አለ፤
የእሷ መደርደሪያ ባዶ፤
ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ብቻውን ተንጠለጠለ።
ለሁሉ የሚሆን ደም ነው ይህ፤ ለእሱ የሚሆነው ግን ብርቅ።

ሐኪሙ ከላይ ደወለ፤
«አርባ ደቂቃ፤ ከዚያ ወዲያ ኦ ፖዘቲቩን ላክልኝ፤
ዛሬን ትትረፍ፤ የከርሞውን ከርሞ እናያለን» አለኝ።

ባሏ ተማም ደጁ ላይ ነው፤ ሸሚዙ ላይ ደሟ ደርቋል፤
እጅጌውን እስከ ብብቱ ጠቅልሎ ክንዱን ዘርግቷል፤
እንደ እንስራ አጋደለልኝ፤ «ከኔ ቅዳ፣ ሙሉውን ቅዳ።»
መረመርኩት፤ ቢ ፖዘቲቭ። መንገሩ የማን ነው ዕዳ?
«አይስማማም» አልኩት። «ማን ነው ያልተስማማው?» አለ፤ ዓይኑ ቀላ፤
«ዘመድ ነው የነገረህ? ተጣልተን አናውቅም፤ ይኸው ሰባት ዓመት ሞላ።»

ምን ልበለው?
ሥጋዬ ደሜ እንላለን፤ ሰድሩ ግን ሰው ሲጠራ
በፊደል ነው፤ በኒካህ አይደለም፣ በአገር፣ በጎራ።

የኔም ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ግን ከሰጠሁ ገና አርባ ቀኔ፤
ደብተሩ ሦስት ወር ይላል፤ ደብተሩን የምጽፈው ደግሞ እኔ።
የኛን ገጽ ገለጥኩ፤ ዘጠኝ ስም።
አንዷ ነፍሰ ጡር፣ አንዱ ሞያሌ፣ የአራቱ ስልክ አይሠራም።
ሰባተኛው ሰርሞሎ ነው፤ በርጩማ ጠራቢው፣ ከሂርማታ፤
«ማን ታመመ?» አላለም። «መጣሁ» አለ፣ ሳይወስድ ፋታ።

በባጃጅ ደረሰ፤ ፀጉሩ ላይ ሳይራገፍ ያደረ የዋንዛ ፍቅፋቂ፤
ክንዱ ራሱ እንጨት ነው፤ ሥሩ ጉልህ፣ የማያስጨንቅ፤
ስሟን አልጠየቀም። ጣራውን እያየ ጡጫውን ጨብጦ ፈታ፤
እኔ ከረጢቱን ሳወዛውዝ ስለ ጣውላ ዋጋ አወራኝ፤
ሚዛን ላይ ሲሞላ፣ አንድ ብስኩት ሰጠሁት፤ ግማሹን መለሰልኝ።

የሱን ከእሷ ጋር ባንድ ብልቃጥ አገናኘሁ።
ጠበቅሁ።
ምንም።
ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ያለ ጠብ፣ ያለ ቋጠሮ፤
ፋይዛ ከረጢቱን በብብቷ ሸጉጣ ደረጃውን ወጣች በርራ።

ሊነጋጋ ሲል ደወለች። «ግፊቷ ተነሳ» አለች።
ሳቀች መሰለኝ፤ ወይም አነጠሰች።

ሕፃኑ የአባቱ ነው፤ ቢ ፖዘቲቭ።
የእናቱ ገላ ይህን እንግዳ በጠላትነት እንዳያጠና
በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንዲት መርፌ አለችና፣
ለሚቀጥለው ልጅ። የኛ ፋርማሲ ጨርሷል።
ተማም ወረቀቱን ተቀበለኝ፤
በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና «የኔስ ደም?» ሲል ጠየቀኝ፤
«ለማን ይሆናል?»
«ለቢ፣ ለኤቢ።»
«አላውቃቸውም።»
«አታውቃቸውም።»

ጫማውን አወለቀ። አልጋው ላይ ወጣ።
በአንድ እጁ ወረቀቱን እንደ ጨበጠ፣ ሌላውን ሰጠኝ፤ እኔም ወጋሁ።
ከዚያ ከአጂፕ ጀምሮ የፋርማሲ በር ሊያንኳኳ በዝናቡ ሄደ።
ከረጢቱ ላይ ቁጥርና ፊደል ጻፍኩ፤ ፍሪጁ ውስጥ አኖርኩ።

ስልሳ ስድስት ሰዓት ቀርቶታል።